ከጥር እስከ ሰኔ

የምግብ ክፍተት ላለባቸው የገጠር ቤተሰቦች በማኅበረሰብ ሥራ ምትክ ብር ወይም እህል የሚሰጠው የምርታማ ሴፍትኔት ፕሮግራም ማኑዋል ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት መስመር አለች። የማኅበረሰብ ሥራ የሚሠራው ከጥር እስከ ሰኔ ነው ትላለች። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ለጻፋት ባለሙያ ምክንያቷ ግልጽ ነው። የመኸሩ ሰብል ጎተራ ገብቷል፣ የክረምቱ እርሻ ገና ነው፣ አፈሩ ደረቅ ስለሆነ እርከን ለመሥራት ይመቻል፣ ገበሬውም ጊዜ አለው። ስድስት ወር፣ በወር አምስት ቀን። ሰንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ያምራል።

ለጋምቦ፣ ተንታ ወይም ደላንታ ደጋ ላይ ሲወጡ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ጥር ማለት ለበልግ መሬት የሚገለበጥበት፣ የካቲትና መጋቢት ማለት ሰማዩ ጠብ ሲል በሬ ተጠምዶ ገብስ የሚዘራበት፣ ሰኔ ማለት ደግሞ የሚታጨድበት ወር ነው። ማኑዋሉ «ሥራ የሌለበት» ብሎ የቆጠራቸው ስድስት ወራት ለበልግ አምራቹ ወሎዬ የዓመቱ ዋና ሥራ ናቸው። በልጉ ሲዘንብ ሰውየው የሚመርጠው ከሁለት ነገር አንዱን ነው፤ ማሳው ላይ ይውላል ወይም እርከኑ ላይ። እርከኑን ከተወ ስሙ ከፔይሮል፣ ከክፍያው ዝርዝር፣ ይወጣል። ማሳውን ከተወ በሚቀጥለው ዓመትም ሴፍትኔት ውስጥ ይቀራል።

ስለ ማኅበራዊ ፖሊሲ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያስበው ሚኒስትር መድረክ ላይ ቆሞ፣ «ራዕይ» እና «ምሰሶ» የሚሉ ቃላት ሲደረደሩ ነው። እነዚያ ቃላት የሚጎዱትም የሚጠቅሙትም ሰው ጥቂት ነው። ሰው የሚነካው የቀን መቁጠሪያው፣ የቅጹ ዓምድ፣ «ቤተሰብ» ለሚለው ቃል የተሰጠው ትርጉም ነው። እነዚህን የሚጽፈው ደግሞ ስሙ የትም የማይጠራ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ረቂቅ፣ የበጀት ማቅረቢያው ቀን ሲደርስ።

ወሎ ላይ ሆኖ ይህን ማሰብ የተለየ ክብደት አለው፤ አገሪቱ ድህነትን በቢሮ መያዝ የተማረችው እዚህ በሞቱ ሰዎች ነውና። የ1966ቱ ረሃብ ከተጋለጠ በኋላ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ። በ1977 ቆረም ላይ የታየውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዓመታት የነበረው አሠራር አንድ ዓይነት ነበር። ከመኸር በኋላ ጥናት ይደረጋል፣ የተረጂው ቁጥር ይወጣል፣ ለለጋሾች ጥሪ ይቀርባል፣ እህሉ ይመጣል። እህሉ ሲደርስ ግን ሰውየው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። ነፍስ ይድናል፤ ጥሪቱ ግን አይድንም፤ በዓመቱ ያው ሰው ተመልሶ ይሰለፋል። ዝናብ ጥሩ በሆነበት ዓመት እንኳ የእርዳታ ጥሪ የማይቀርለት ሚሊዮኖች ሕዝብ ስለነበረ፣ የሲቪል ሰርቫንቱ ጥያቄ ቀላል ነበር፦ በየዓመቱ እንደሚመጣ ከታወቀ ለምን እንደ ድንገተኛ አደጋ እንቆጥረዋለን?

ሴፍትኔት በጥር 1997 ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ይዞ ሲጀምር መልሱ ይህ ነበር። የብዙ ዓመት በጀት፣ የታወቀ ተጠቃሚ፣ የታወቀ መጠን። መሥራት የሚችል ይሠራል፤ አቅመ ደካማው፣ አረጋዊው፣ የታመመው ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ዛሬም ቢሆን ከሱ የተሻለ የቀረበ አላየሁም። ችግሩ የሚጀምረው ከሐሳቡ ወደ ቁጥሩ ሲወረድ ነው።

ቁጥሩን ከቅርብ እንየው። ባሏ የሞተባት፣ አራት ልጆች ያሏት እናት እንውሰድ። ቤተሰቡ አምስት ሰው ነው። እያንዳንዱ የተመዘገበ ሰው በወር የአምስት ቀን ሥራ ስለሚያዝበት ቤቱ በወር 25 ቀን ይወድቅበታል። በ1997 የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር፤ 25 በ6 ሲባዛ 150 ብር። ክፍያው በእህል ከሆነ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ፣ በወር 75 ኪሎ። ባለሙያው 6 ብር ያለው ከሰማይ አምጥቶ አይደለም። ያን ጊዜ ኪሎው 2 ብር ቢገዛ 3 ኪሎ ይሆናል በሚል ስሌት ነው። አሁን ጥያቄው 25ቱን ቀን ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ልጆቹ ዕድሜያቸው ለሥራ ካልደረሰ መሥራት አይፈቀድላቸውም። የቀረችው እሷ ብቻ ናት። ወሩን ሙሉ ድንጋይ ስታነሳ ማን ያበስላል፣ ማን ውኃ ይቀዳል? ስለዚህ በኋላ ላይ ሁለት መስመሮች ተጨመሩ፤ አንድ ሰው የሌላውን ድርሻ ቢሸፍንም በወር ከ15 ቀን አይበልጥም፣ የሴቶች የሥራ ጫና ደግሞ ከወንዶቹ በግማሽ ይቀንሳል። እርጉዝና አራስ እናቶችም ወደ ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ ይዛወራሉ። እነዚህ መስመሮች ከየትኛውም የፖሊሲ መግቢያ ይበልጣሉ እላለሁ።

ከዚያ ዋጋው መጣ። በ2000 የእህል ዋጋ ተተኮሰ፤ የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር፣ በኋላም ወደ 10 ብር አደገ። ስሌቱን እናንተው አድርጉት፤ ኩንታሉ 270 ብር ካለፈ 8 ብር 3 ኪሎ አይገዛም። ባቲ ሰኞ ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልገውም። «ቅድሚያ ለጥሬ ገንዘብ» የሚለው መርህ በቢሮ ውስጥ የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ ሳለ ተጠቃሚው ግን እህሉን የመረጠው ስላልገባው ሳይሆን አስልቶ ነው። የእህል ዋጋ ሲወጣ ኪሳራው ከገንዘብ ተቀባዩ ላይ ያርፋል፤ እህል ለተቀበለ ሰው ግን የአንድ ሰው የወር ድርሻ የሆነው 15 ኪሎ ያው 15 ኪሎ ነው። ክፍያን በብር የሚጽፍ ማንኛውም ባለሙያ ከጎኑ «በስንት ወር ይከለሳል፣ ማን ይከልሰዋል» የሚል መስመር ካልጻፈ የጻፈው ክፍያ ሳይሆን እየሟሟ የሚሄድ በረዶ ነው።

ኮታውስ? ስንት ሰው እንደሚታቀፍ የሚወስነው ቁጥር ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይወርዳል። መመዘኛው ግን ከታች ወደ ላይ ነው። በተከታታይ ሦስት ዓመት፣ በዓመት ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት ያለበት ቤት ይገባል ይላል። ሁለቱ ቀበሌው ቢሮ ላይ ይገናኛሉ፤ ብቁው 200 ቤት ነው እንበል፣ ኮታው 120። የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ምን ያድርግ? ማኑዋሉ የባሰ ድሃውን ምረጥና ሌላውን ተው ይለዋል። ግብረ ኃይሉ ግን እዚያው የሚኖር ሰው ነው፤ ነገ ከተተወው ጋር ለቀብር ይወጣል። ስለዚህ ይበትነዋል። ከአምስት ሰው ቤት ሁለቱን፣ ከስድስቱ ሦስቱን ይመዘግባል፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ይደርሰዋል። ከላይ ያለው ይህን «የአፈጻጸም ጉድለት» ይለዋል። ከታች ያለው ፍትሕ ይለዋል። ውጤቱ ግን ማንም ሰው የምግብ ክፍተቱን የማይሞላበት ድጋፍ ነው፤ ሙሉ ቤተሰብ ይመዝገብ የሚለው ሕግ የመጣው ከዚህ የተነሳ ነው። ሙሉ ቤተሰብ ሲባል ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ዘጠኝ ሰው ያለበት ቤት ብቻውን የሁለት ቤት ኮታ ይወስዳል። በፕሮግራሙ አራተኛ ምዕራፍ ከአንድ ቤት የሚመዘገበው ሰው ጣሪያ አምስት ሆነ። አየህ፣ አንዱን መስመር ስትሰፋው ሌላው ይተረተራል። ለዚህ ነው ፖሊሲ ማርቀቅ ከሕግ ሙያ ይልቅ ከልብስ ስፌት ጋር የሚቀራረበው።

ሥራው ራሱም ቁጥር አለው። ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ አንድ የሰው ቀን ነው)፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ይያዛል። መቶ ሰው አምስት ቀን ቢወጣ 500 የሰው ቀን ነው፤ በአፈር ከሆነ ሦስት ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ በድንጋይ ከሆነ ሁለት ብቻ። የወሎ ዳገት ድንጋይ ነው። ዕቅዱን ያዘጋጀው ሰው በአፈሩ ልክ ከጻፈ ወረዳው ዓመቱን ሙሉ «ከዕቅድ በታች» እየተባለ ሪፖርት ያቀርባል፤ ወይም፣ ይህ የባሰው ነው፣ እርከኑ ጥልቀት ሳይኖረው ርዝመቱ ብቻ ይሟላል፤ የመጀመሪያው የሐምሌ ጎርፍ ሲመጣ ጠርጎት ይሄዳል።

ክፍያ ለምን ይዘገያል የሚለውን ብዙ ሰው በሌብነት ይተረጉመዋል። አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ንድፉ ነው። የልማት ሠራተኛው የተገኘውን ሰው ይመዘግባል፣ ቅጹ ወደ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ላይ ገብቶ ከተጠቃሚዎች ዝርዝር ጋር ይመሳከራል፣ ፔይሮሉ ታትሞ ይፈረማል፣ ወደ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ያልፋል፣ ብሩ ከባንክ ይወጣል፣ ገንዘብ ያዡ ቀበሌ ድረስ ይወርዳል። ከእነዚህ አንዱ ላይ ሦስት ቀን ቢያዝ ተራ ነገር ይመስላል። ግን የወረዳው ፔይሮል በአንድ ላይ የሚዘጋ ከሆነ በጣም ሩቅ ያለው፣ መንገዱ በዝናብ የተቆረጠው አንድ ቀበሌ ቅጹን እስኪልክ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። ያለፈው ገንዘብ ሂሳቡ ካልተወራረደም የሚቀጥለው አይለቀቅም። የመጋቢት ክፍያ ሰኔ ላይ ሲደርስ ተቀባዩ አበድሮ ላበላው ነጋዴ ያስረክበዋል እንጂ ቤቱ አያስገባውም። የፕሮግራሙ ዋና ቃል «በወቅቱ» የሚለው ነበር። በወቅቱ ያልደረሰ ሴፍትኔት ስሙ የተቀየረ የድሮው እርዳታ ነው።

በአገር ደረጃ ማኅበራዊ ፖሊሲ ማን ይመራዋል የሚለው ክርክር ደግሞ ከአዲስ አበባ ሲታይ የሥልጣን ይመስላል። ከቀበሌ ሲታይ የእግር ነው። ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ በ2007 ጸደቀ፤ ባለቤቱ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሆነ፤ በ2014ቱ የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ማኅበራዊ ጉዳዩ ከሴቶች ጋር ተጣምሮ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ተባለ። በአራተኛው ምዕራፍ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ወደ ማኅበራዊ ጉዳይ ዘርፍ እንዲዞር ተወሰነ። በመርህ ልክ ነው፤ የሰማንያ ዓመት አረጋዊት ጉዳይ የግብርና ጉዳይ አይደለም። ግን ግብርና በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ፣ ጤና ሁለት ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንዲኖራቸው ሲደራጁ፣ ማኅበራዊ ጉዳይ ወረዳ ላይ ካሉት ጥቂት ሰዎች በታች የሚወርድ እግር አልነበረውም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ኃላፊነቱ ተዛወረ፤ ዳገቱን የሚወጣው ግን ያው የግብርና ልጅ ሆኖ ቀረ። ድርጅታዊ ቻርት የሚስል ባለሙያ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስም ዝርዝሩን ይዞ ቤት ለቤት የሚሄደው ማን ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በኋላ ሳጥኑን ይሳል።

ወሎ ውስጥ ይህን እግር ያለ ደመወዝ የያዘ ተቋም አለ፤ ቅሬ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። (ማኑዋሉ ደግሞ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለው፤ ቅሬው ከጠፋ ቅሬታው እንደሚበዛ ቋንቋችን ራሱ የጠረጠረ ይመስላል።) የቅሬው ዳኛ ማን ቤት ጭስ እንደማይወጣ ያውቃል፤ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም። በ2003 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ተሁለደሬ ነበር፤ ሐይቅ ከተማ ያለችበት ወረዳ። ንድፉ ውስጥ የወደድኩት አንድ ነገር አለ። አባልነቱ በሰው ሳይሆን በቤት ነው። በሰው ቢሆን ኖሮ ቤተሰቡ የታመመውን አስመዝግቦ ጤነኛውን ይተወው ነበር፤ ቋቱም በዓመቱ ይደርቃል። በቤት ሲሆን ጤነኛው በሽተኛውን ይሸከማል፤ ቅሬም በዚሁ መንገድ ነው የሚኖረው። መክፈል የማይችሉትን ደግሞ ክልሉና ወረዳው ተካፍለው ይከፍሉላቸዋል፤ ዝርዝሩ የሚወጣው ከቀበሌው ነው።

እዚህም የወሩ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። መዋጮው የሚሰበሰበው የመኸር ሰብል ተሽጦ ብር እጅ ሲገባ ነው፤ ለመኸር አገር ትክክል ነው። የበልግ አገር ሰው ግን በጥር ያለው ዘር ብቻ ነው፤ ብሩ የሚመጣው ከሰኔ በኋላ ነው። በጥር አልከፈለም ብሎ «ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚል ሪፖርት መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግንዛቤ የጎደለው ሌላ ሰው ይመስለኛል።

ስለ ጤና መድን ከተነሳ ሲቪል ሰርቫንቱ ራሱን የሚያይበት መስተዋትም አለ። ለመደበኛ ሠራተኞች የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ወጣ፤ ከደመወዝ 3 በመቶ ሠራተኛው፣ 3 በመቶ አሠሪው። ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተራዘመ፤ ሠራተኛው ከደመወዜ አይቆረጥም አለ። የገበሬው መድን ግን የራሱ አዋጅ ሳይኖረው ለዓመታት በመመሪያ ሄደ። ፖሊሲ የሚነድፈው ሰው ለራሱ ያላሳመነውን ለተሁለደሬ ገበሬ አሳመነ ማለት ነው፤ ወይም ገበሬው እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም። የትኛው እንደሆነ የሚነድፈው ሰው ማታ ማታ ቢያስብበት አይጎዳውም።

በ2009 የጀመረው የከተማ ሴፍትኔት 11 ከተሞችን ይዞ ሲነሳ ከአማራ ክልል የተመረጠችው ደሴ ናት። ከገጠሩ የተለየው ብዙ ነው፤ እዚህ መሬት የለም፣ ጎረቤት ጎረቤቱን በደንብ አያውቅም፣ ተከራይ ቤት ይቀይራል። ስለዚህ ምርጫው የሕዝብ ስብሰባ ብቻ አይበቃውም፤ የቤቱን ሁኔታ በነጥብ የሚለካ መጠይቅ ተጨመረ። ከጦሳ ተራራ ሥር ወርዶ ቦይ የሚጠርገው ሰው ከክፍያው 20 በመቶ ይቆጥባል። ለወጣት ይህ ጥሩ ነው። ለእናት ኪራይ ከፍላ ለማታ እንጀራ ስታስብ 20 በመቶው ትልቅ ነገር ነው።

ምረቃ የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። በገጠሩ ሴፍትኔት የአንድ ቤት ጥሪት የተወሰነ መጠን ሲደርስ ይመረቃል፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ይወጣል፤ በአማራ ክልል መለኪያው በነፍስ ወከፍ 4,200 ብር ነበር። ለአምስት ሰው ቤት 21,000 ብር። አስቡት፤ ሰውየው አንድ በሬ፣ ሁለት ላም፣ ጥቂት በግ አለው። የከብት ዋጋ ሲያድግ፣ አንድም ጥጃ ሳይወለድ፣ ግምቱ መስመሩን ይሻገራል። ሀብታም ሆነ ተብሎ ይመረቃል። በዓመቱ በልጉ ይቀራል፣ መኖ ይጠፋል፣ ያው በሬ ግማሽ ዋጋ አያወጣም፤ ምሩቁ ግን ተመልሶ የሚመዘገብበት ዓምድ የለውም። ወረዳው ደግሞ «ስንት አስመረቅህ» ስለሚባል በዝናቡ ዓመት ይቆጥራል። ለዚህ መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ጥሪትን በብር ሳይሆን በቁጥር መያዝ፣ ከአንድ መጥፎ የበልግ ዓመት በኋላ ዳግም መለካት፣ ለተመረቀው ቤት ከመጠባበቂያው በጀት ድርሻ መተው። መጀመሪያ ላይ የፕሮግራሙ መጠባበቂያ 20 በመቶ ነበር፤ 5ቱ በወረዳ፣ 15ቱ በክልል እጅ። ወረዳ ያለው ሰው ሰማዩን ያያል፣ አምስቷን ይዞ፤ አሥራ አምስቱን የያዘው ሰማዩን በደብዳቤ ይሰማዋል።

ወደ ጥር ልመለስ። ወረዳው ወራቱን አሸጋሽጋለሁ ቢል ምን ይገጥመዋል? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይዞራል። ሥራውን ወደ ክረምቱ ቢገፋው ብሩ ይመለስበታል። ወደ ጥቅምትና ኅዳር ቢያመጣው በደጋው በልግ አገር ያ ጊዜ ይሻላል፤ ግን የዓመቱ ገንዘብ ያኔ ወረዳ መድረስ አለበት። እንግዲህ ጉዳዩ የእርከን አይደለም፣ የገንዘብ መልቀቂያ ቀን ነው። ማኑዋሉ ውስጥ «ከጥር እስከ ሰኔ» የሚለውን ሰርዞ «በዓመት 30 ቀን በሰው፣ ወራቱን ወረዳው ከቀበሌዎቹ ጋር ይወስናል» ብሎ መጻፍ አንድ ደቂቃ ነው። ይህን ከገንዘብ ሚኒስቴር የመልቀቂያ ሰሌዳ ጋር ማገናኘት ነው ወር የሚፈጀው፤ የሲቪል ሰርቫንት ሥራ ማለት ደግሞ ያቺው ወር ናት።

በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፣ ረመዳን የካቲት 22። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጾመኛ አንድ ዳገት ላይ ነው የሚወጣው፤ ያ ሳምንት ደግሞ የበልግ ዘር ሳምንት ነው። የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን የጻፈው ሰው ይህን አላሰበም። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚሸሽ በሚቀጥሉት ዓመታት ከየካቲት ወደ ጥር፣ ከዚያም ወደ ታህሳስ ይሄዳል፤ በሰሌዳ ላይ አስቀድሞ ሊሰፍር የሚችል ነው። የጾም ሳምንታትን ቀን ለሁለት ከፍሎ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ብቻ ማሠራት፣ ሁለት ጠዋት እንደ አንድ ቀን መቁጠር ይቻላል፤ ሥራ ላይ የተገኘው ሰው በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ «ግማሽ ቀን» የሚል አንድ ዓምድ ይበቃዋል።